ሽንቱ የት ይሄዳል? የአይጥ ኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከአይጥ ጋር ስትዋጋ ነው የኖረችው። ጌጃ ሰፈር ሳለን ጤፏን የምታስቀምጠው በብረት በርሜል ነበር። ክዳኑ ላይ ደግሞ ድንጋይ ትጭናለች። አሁን የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ታዲያ የእህቴ ልጅ ሁለት ነጭ አይጦች በጫማ ካርቶን ይዛ መጣች።

እናቴ ያለችውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ፍሬ ነገሩ ግን "አይጥ እየገደልን አሳደግናችሁ፤ እናንተ ደግሞ አይጥ ልታሳድጉ?" የሚል ነበር።

አይጦቹን ለልጅቷ የሰጠቻት ቤተሰቧን ተከትላ ውጭ የሄደች የክፍል ጓደኛዋ ናት። ሁለቱም ሴቶች መሆናቸው ተመስገን ነው። አይጥ የምታረግዘው ለ3 ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ልትወልድ ትችላለች። ልጆቹ ደግሞ ገና በ5 ሳምንታቸው ለአቅመ አዳምና ሔዋን ይደርሳሉ። ሁለት መሆናቸውም ጥሩ ነው፤ አይጥ ብቻዋን መኖር አይሆንላትም።

ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ ይምሰል እንጂ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ አገር ሜሪ ዳግላስ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1901 አይጦቿን ኤይልስበሪ ከተማ ለውድድር አቅርባለች። ነጮቹ አይጦች በላብራቶሪም በቤትም ለብዙ ትውልድ ከሰው ጋር የኖሩ ናቸው። ይህንን ለእናቴ አስረዳኋት። "ይሁና" አለች፤ "ግን ይሸታሉ።"

እውነቷን ነው። ይሸቱ ነበር። ጥፋቱ ግን የእነሱ ሳይሆን የእኔ ነው።

አንድ አናጢ ዘንድ ሄጄ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ፊቱ ሽቦ የሆነ፣ ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤት ሾጠጥ ያለ ኬጅ አሠራሁላቸው። ያየው ሁሉ ፎቶ ያነሳው ነበር። በ3ኛው ሳምንት ግን ገና የሳሎኑን በር ስትከፍቱ ዓይን የሚቆጠቁጥ ነገር ይቀበላችኋል። ጠረግን። አጠብን። ቤራንዳ ላይ ፀሐይ አስመታነው። በማግስቱ ያው ነው። እናቴ እጣን አጨሰች። እጣኑና ሽንቱ ተዋልደው ሌላ ሽታ አመጡ።

ነገሩን መመርመር የጀመርኩት ያኔ ነው። ኬጅ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ውበቱን፣ ፎቁንና ዋጋውን ነው የሚያየው። እኔ ዛሬ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ሽንቱ የት ይሄዳል? ቀጥዬ ደግሞ፣ በአንድ ጀሪካን ውሃ ይታጠባል ወይ? ልደታ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው። እንደ ውጭ አገር ቪዲዮ ኬጁን ሻወር ሥር አቁሞ ለግማሽ ሰዓት ውሃ መልቀቅ ለእኛ ተረት ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

ትኩስ ሽንት ያን ያህል አይሸትም። ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያም በስምም በባሕርይም ይኸው ዩሪያ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ባክቴሪያ ሲያገኘው ነው። ባክቴሪያው ዩሪያውን ይሰባብረውና አሞኒያ ይወጣዋል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ ዓይን የሚያቃጥለው ነገር እሱ ነው።

ባክቴሪያ ይህንን ለመሥራት እርጥበት፣ ጊዜና መደበቂያ ይፈልጋል። ጊዜውን የምንሰጠው እኛ ነን። እርጥበቱን ሽንቱና የሚያንጠባጥብ የውሃ ጡጦ ይሰጡታል። መደበቂያውን የሚሰጠው ግን ኬጁ ነው። የእንጨት ቀዳዳ፣ በደንብ ያልተበየደ መገጣጠሚያ፣ የተፋቀ ቀለም፣ ዝገት፣ ጣት የማይገባበት ጥግ። ኬጅ ለማጽዳት ይቀላል ሲባል ትርጉሙ ይኼው ነው፤ ሽንት የሚደበቅበት ቦታ የለውም ማለት ነው።

ነገሩ የእኛ አፍንጫ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ሰው የሚያሳድጋቸው አብዛኞቹ አይጦች ማይኮፕላዝማ የሚባል ጀርም ሳንባቸው ውስጥ ይዘው ይኖራሉ። ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። አሞኒያ ሲበዛ ግን ይነሳባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ አንድ ጥናት አየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 25 እጅ ያህል አሞኒያ ሲኖር እንኳ የአይጦቹ የመተንፈሻ ሕመም እንደሚብስ አሳይቷል። አስቡት፤ የእኛ አፍንጫ ከኬጁ ወለል በሜትር ይርቃል፤ የእነሱ ግን በሁለት ጣት። እኛ "ሸተተኝ" ስንል እነሱ ሲተነፍሱት ሰንብተዋል።

እጣኑም የማይረዳው ለዚህ ነው። አሞኒያውን አያጠፋውም፤ በዚያ ላይ ጭስ ይጨምርበታል። ቡና ሲፈላ ኬጁን ወደ መኝታ ቤት ብታዞሩት ደግ ነው።

ከምን ይሠራ?

እንጨት በፍጹም። ኮምፔንሳቶም፣ ቺፑድም፣ ኤምዲኤፍም። ቫርኒሽ ብትቀቡትም አይጥ ጠርዙን ትፍቀዋለች፤ ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ሳትፍቅ መኖር አትችልም። ከዚያ በኋላ ሽንቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ የሰረገ ሽንት ደግሞ በውሃም በሳሙናም አይወጣም። የእኔን ቆንጆ ቤት በመጨረሻ ምን እንዳደረግኩት ታውቃላችሁ? ጣልኩት። የአናጢው ዋጋ፣ የሽቦው ዋጋ፣ የቫርኒሹ ዋጋ፣ ሁሉም ውሃ በላው።

ገበያ ላይ በቀላሉ የምታገኙት ለዶሮ የተሠራ የጋልቫናይዝድ ሽቦ ኬጅ ነው። ብረቱ ዚንክ ለብሷል። ለዶሮ ይሆናል። የአይጥ ሽንት ግን ሲደጋገምበት ዚንኩን ይበላዋል። መጀመሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ከዚያ ዝገት ይከተላል። የሻከረ ብረት ሽታ ይይዛል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ለጊዜው ይሠራል፤ ለሁለት ዓመት ግን አትመኑት። የአይጥ ዕድሜ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ዓመት ነው።

ከዚያ የሚሻለው በፓውደር የተቀባ ብረት ነው። የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች የሚያስቀቡበት ዓይነት ማለት ነው። ዱቄቱ ተረጭቶ በምድጃ ውስጥ ቀልጦ ነው ብረቱን የሚሸፍነው። ስለዚህ ልሙጥ ይሆናል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ይጸዳል። በብሩሽ የሚቀባ የዘይት ቀለም ግን ተዉት። ይላጣል፤ አይጦቹም ይበሉታል።

የሁሉም ቁንጮ ስቴንለስ ነው። ዋጋውም ቁንጮ ነው። እኔ መሃል መንገድ አገኘሁ። ግድግዳው በፓውደር የተቀባ ብረት ሆነ፤ ሽንቱ የሚያርፍበት ትሪ ብቻ ስቴንለስ ሆነ። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ሽንት ትንሽ ነው። ገንዘባችሁን ሽንቱ ባለበት ቦታ አውሉት።

ፕላስቲክስ? እንደ አሠራሩ ነው። አይጥ ልሙጥ ግድግዳ መንከስ አትችልም፤ ጥርሷን የምታሳርፍበት ጠርዝ ያስፈልጋታል። የፕላስቲኩ ትሪ ከንፈር ከሽቦው ውጭ ከሆነ ይቆያል። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ከሆነ በሳምንት ውስጥ መስኮት ታወጣበታለች።

ወለሉ ላይ ተሞኝቻለሁ

ከእንጨቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ስህተት ሠራሁ። የሽቦ ወለል ያለው ኬጅ ገዛሁ። ሐሳቡ ያሳምናል፤ ሽንቱም ኩሱም በሽቦው መሃል ወደ ታች ይወርዳል፣ አይጦቹ ከላይ ንጹሕ ሆነው ይቀመጣሉ። የዶሮ አርቢዎች ሒሳብ ነው።

ለአይጥ አይሠራም። የእግራቸው መዳፍ ለስላሳ ነው፤ ጠጉር የለውም። ቀጭን ሽቦ ላይ ቀን ከሌት ሲቆሙ፣ በተለይ ሽቦው እርጥብና ቆሻሻ ከሆነ፣ መዳፋቸው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይቆስላል። ቁስሉ አንዴ ከያዘ አስቸጋሪ ነው። ሌላው ደግሞ የጽዳቱ ጉዳይ ነው። ሽቦ ከሽቦ የሚገናኝበት እያንዳንዱ ነጥብ ሽንት ይይዛል። ነጥቦቹን ለመቁጠር ሞክሬ 200 ላይ ስደርስ ተውኩት። እሑድ ከሰዓት በኋላ በጥርስ ብሩሽ የአይጥ ወለል የሚፍቅ ጎልማሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ወለሉ ደፍን ይሁን። ፎቆቹም እንደዚያው። ሽቦ የሆነ ፎቅ ካለው በልኩ በተቆረጠ ፕላስቲክ ምንጣፍ ወይም በትርፍ ሴራሚክ ሸፍኑት። ሴራሚክ ከሁሉ ይሻላል፤ አይነከስም፣ አይሰርግም፣ ይጠረጋል።

ትሪው ጥልቀቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። አጭር ከሆነ አይጦቹ ሲቆፍሩ ምንጣፋቸውን፣ ማለትም ትሪው ላይ የሚነጠፍላቸውን ወረቀት፣ ሳሎን ውስጥ ይበትኑታል፤ ያኔ ኬጁን ሳይሆን ቤቱን ነው የምትጠርጉት። ሌላው የትሪው ጥግ ነው። ከአንድ ላሜራ ታጥፎ የተሠራ ይሻላል። ተቆርጦ የተበየደ ከሆነ ብየዳውን በጣታችሁ ዳስሱት። ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ ደረቅ ጋዜጣ ላይ ለአንድ ሰዓት አስቀምጡት። ጋዜጣው ከረጠበ ብሩን አትክፈሉ።

የጋን ነገር

አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። ወደ በሩ።

የጠላ ጋን አጥባችሁ ታውቃላችሁ? አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። እኛ ቤት ጋን የሚታጠበው በግራዋ ቅጠል ነበር፤ እጇ ቀጭን የሆነች ልጅ ትጠራና እስከ ትከሻዋ ታስገባለች። ሆዱ ጥግ ላይ ምን እንደቀረ የሚያውቅ አልነበረም።

ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ኬጆች ጋን ናቸው። ቁመቱ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በሩ ግን መዳፍ የሚያህል ነው። ሻጩ በሩን ከፍቶ ይዘጋላችኋል፤ ያምራል። እናንተ ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ክንዳችሁን አስገቡ። የኋላውን የታችኛውን ጥግ ንኩ። ከዚያ የላይኛውን። በመዳፋችሁ ጨርቅ እንደያዛችሁ አስቡና እጃችሁን አዙሩ። ካልዞረ፣ ያ ጥግ ኬጁ ዕድሜውን እስኪጨርስ አይታጠብም። ሻጩ ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ለእኔ በር ማለት የፊቱ ግድግዳ በሙሉ ሲከፈት ነው። እንደ ቁም ሳጥን። ያ ካልተገኘ ቢያንስ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር በየፎቁ ይኑር። ትሪውም፣ ፎቁም፣ የመኝታ ሳጥኑም ሳይጣመም በበሩ መውጣት አለበት። መፍቻ የሚፈልግ ኬጅ አትግዙ። "በቀላሉ ይፈታል" የተባለ ብሎን ስድስተኛው ሳምንት ላይ ይዝጋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይፈታውም።

እንዲህ ያለ ኬጅ ተዘጋጅቶ ስላላገኘሁ ወደ ብየዳ ቤት ሄድኩ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ። ሥዕሌን ለልጁ አሳየሁት።

"ለዶሮ ነው ጋሼ?"

"አይ፣ ለአይጥ።"

"እህ፣ ወጥመድ ነዋ!"

"አይደለም። ሊኖሩበት ነው።"

ሥዕሉን አየ። ሦስቱን ፎቆች ቆጠረ። "እኛ ገና በኪራይ ነን ጋሼ" አለኝ።

ከሳቅን በኋላ ግን ጥሩ ሠራልኝ። ስፋቱ 80፣ ጥልቀቱ 50፣ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር። ሒሳቡ 320 ሊትር ይመጣል። ለአንድ አይጥ ዝቅተኛው የሚባለው 57 ሊትር ገደማ ነው፤ ለሁለት 115 ሊትር መሆኑ ነው። እኔ የጨመርኩት ለምቾታቸው ብቻ አይደለም። ጠባብ ቤት ቶሎ ይቆሽሻል፤ ሽንቱ ያው ነው፣ የሚያርፍበት ቦታ ግን ያንሳል። ሆኖም ማሳደግም ልክ አለው። ጥልቀቱን 70 ብለው ኖሮ በ65 ሳንቲ የመታጠቢያ ቤት በራችን አያልፍም ነበር። ሜትራችሁን ይዛችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን በር ለኩ።

የሽቦው ክፍተት

ይህ አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። አይጥ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ይከተላል። ለወጣትና ለሴት አይጦች ክፍተቱ ከ1.2 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሽቦ ሻጮቹ "ባለ ግማሽ ኢንች" ይሉታል። ስድስት ማዕዘን ያለው ቀጭን የዶሮ ሽቦ አይሆንም፤ ትበጥሰዋለች ወይም ታሰፋዋለች።

ማምለጥ ለአይጥ አዲስ አበባ ውስጥ ቀልድ አይደለም። በየቀኑ በድምፅ ማጉያ "የአይጥ መርዝ! የበረሮ፣ የትኋን!" እያለ የሚያልፍ ሰው አለ። ጎረቤቶቻችንም ይገዙታል፤ ምን ያድርጉ። ያመለጠች ነጭ አይጥ ደረጃ ላይ ብትገኝና "የቤት ነኝ" ብትል ማን ያምናታል? የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ነው የሚባለው።

አንድ ጀሪካን

ጥሩ ኬጅ መጥፎ ኬጅን የሚበልጠው በጽዳት ቀን ነው። የእኛን ልንገራችሁ።

በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ፎቆቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ታደርጋለች፤ ኩሱን ትለቅማለች። በየሦስት ቀኑ የረጠበው ጥግ ብቻ ይነሳና በደረቅ ይተካል። በሳምንት አንዴ ትሪው ይወጣል። አይጦቹ ያን ሰዓት ክዳኑ የተበሳ ባልዲ ውስጥ ይቆያሉ።

ውሃ ለመቆጠብ ዘዴው ቀድሞ በደረቁ መሥራት ነው። ምንጣፉን ጠቅልላችሁ አውጡ፤ ከትሪው ላይ የተጣበቀውን በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ፋቁ። ብዙው ቆሻሻ ያለ አንዲት ጠብታ ውሃ ይወጣል። ጥግ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ከሽንቱ የቀረ ማዕድን ነው፤ በሳሙና አይነሳም። አቼቶ ይፈልጋል። አቼቶና ውሃ እኩል አድርጋችሁ ጨርቅ ንከሩ፣ እሱ ላይ አልብሱት፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ልክ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚያስለቅቀው ቅርፊት ሁሉ ለቆ ይመጣል። ከዚያ 5 ሊትር ለሳሙናው፣ 10 ሊትር ለማለቅለቂያው። ከጀሪካኑ 5 ሊትር ይተርፋል። በትርፉ ጨርቆቹ ይታጠባሉ።

በረኪና አልፎ አልፎ፣ በተለይ አንዷ ስትታመም፣ ጥሩ ነው። 1 እጅ በረኪና ለ10 እጅ ውሃ፤ 10 ደቂቃ አቆይቶ በደንብ ማለቅለቅና ማድረቅ። ግን ሁለት ነገር በደንብ ያዙልኝ። በረኪናን ከአቼቶ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ሽንት ያለበት ትሪ ላይም በቀጥታ አታፍስሱት፤ ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይሠራል። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ ይህንን ማድረግ አደጋ ነው። መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ይለቅለቅ፤ በረኪናው ከዚያ በኋላ፣ መስኮት ተከፍቶ።

እቃውን ኩሽና ውስጥ አትጠቡት። የአይጥ ኩስና ሽንት ንጹሕ ከምትመስል አይጥም ቢሆን ጀርም ሊይዝ ይችላል። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና።

አንድ ለማመን የሚቸግር ነገር ልጨምር። ሁሉንም በአንድ ቀን አታጥቡ። አይጦች ቤታቸውን የሚያውቁት በጠረኑ ነው። ሁሉም ነገር አቼቶ አቼቶ ሲል ደንግጠው መልሰው በየቦታው ይሸናሉ፤ "የእኛ ነው" ለማለት። ትሪው ሲታጠብ የመኝታ ጨርቁን ለሌላ ቀን ተዉት። ወይም ከአሮጌው ምንጣፍ እፍኝ የምታህል ደረቅ አስቀሩላቸው። እኔ በየሁለት ቀኑ ሁሉንም እያጠብኩ "ለምን ባሰባቸው?" እል ነበር። ያባስኩት እኔው ነኝ።

ትሪው ላይ የሚነጠፈው ነገርም ከጽዳቱ ግማሹ ነው። ብዙ ሰው ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ ያመጣል፤ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ደቃቅ ሰጋቱራ ግን አቧራ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የጽድ ከሆነ ደግሞ ባሰ። ያ እኛ የምንወደው የጽድ መዓዛ የሚመጣው ከእንጨቱ ዘይት ነው፤ መዓዛማ የሆኑ የጽድ ዘመድ እንጨቶች ለአይጥ ሳንባም ጉበትም አይስማሙም። የጤፍ ጭድም አቧራ አለው። እኛ የምንጠቀመው የተቀደደ ወረቀት ነው። የካርቶን ቁራጭ፣ የደብተር ወረቀት፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣ። እናቴ ገጹን ሳታነብ አታስቀድድም።

ለመኝታ የሚንጠለጠል ጨርቅ ይወዳሉ። አሮጌ ፎጣ ወይም ብርድ ልብስ ይሆናል። ነጠላ ግን አይሆንም፤ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ክሩ ጥፍራቸውንና ጣታቸውን ይጠመጥማል። ክረምት ላይ ጨርቅ ሦስት ቀን ስለማይደርቅ ሁለት ቅያሪ ይኑራችሁ። ብረቱንም ከታጠበ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጨርሱት፤ ሐምሌ ላይ ኬጅ የሚበላው ሽንት ብቻ አይደለም፣ እርጥበቱም ጭምር ነው።

ውጭ ያላችሁና ፌሬት የያዛችሁ ዘመዶቻችን፣ አልረሳኋችሁም። ፌሬት ረዘም ቀጠን ያለ፣ ሸለምጥማጥ የሚመስል ሥጋ በል ነው። የሽቦው ክፍተት ለእሱ እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ችግር የለውም። የበሩና የደፍን ወለሉ ነገር ግን ያው ነው። ፌሬት ለመጸዳዳት ወደ ኋላ እየሄደ ጥግ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጀርባው ከፍ ያለ የመጸዳጃ ሳጥን ጥግ ላይ ይታሰርለት። በቀን ከ14 እስከ 18 ሰዓት ስለሚተኛ የሚሸተው ይበልጡኑ መኝታው ነው። የገላው ሽታ ከቆዳው ቅባት ይመጣል፤ ደጋግማችሁ ብታጥቡት ቆዳው ቅባቱን ይጨምራል። እሱን ሳይሆን ጨርቁን እጠቡ።

የመጨረሻው ዘዴ ከሁሉም ርካሹ ነው። አይጦች ኩሳቸውን አንድ ጥግ ማድረግ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ሽንታቸውን ግን ያንጠባጥባሉ። የመጸዳጃ ሳጥናቸው ውስጥ ልሙጥ የወንዝ ድንጋይ ብታስቀምጡላቸው እሱ ላይ ወጥተው መሽናት ይቀናቸዋል። ድንጋዩ ብቻውን ወጥቶ ይታጠባል፤ ይመለሳል።

ልደታ ላይ የወንዝ ድንጋይ ከየት ይመጣል ብዬ ሳወጣ ሳወርድ እናቴ ሰማችኝ። ያ የጌጃ ሰፈር በርሜል ዛሬ ቤራንዳ ላይ ውሃ ይጠራቀምበታል። ክዳኑ ላይ ድንጋዩ አለ፤ ያው ድንጋይ። አንስታ፣ አፍልታ፣ አጥባ አመጣችልኝ።

"ስንት ዓመት አይጥ ከልክሎልኛል" አለች። "ይሽኑበት እንግዲህ።"